የሙከራ ሸክላ ይዞ ማጫወቻንና መርፌን ማስተካከል፦ በጎንደር የድሮ ሸክላ ለምታጫውቱ

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ልጃቸው ከአሜሪካ ማጫወቻ ልኮላቸው፣ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የተኙትን ሸክላዎቻቸውን አውጥተዋል። ሁለት ዘፈን እንደሰማን፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው እንዲህ አልነበረም የሚዘፍነው። ድምፁ ወፈረብኝ። ወይስ ጆሮዬ ነው የደከመው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጆሮዎ ደህና ነው፤ የዘገየው ማጫወቻው ነው» አልኳቸው።

በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ የሚዞረው 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ነበር። ማጫወቻው የተሠራው ለ60 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚመላለስ መብራት ነው፤ የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ነው። የገዙት ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካም፤ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከሄርዙ ነው። መፍትሔው በሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ፑሊ ለ50 ሄርዝ በተሠራች፣ በአንድ አምስተኛ ሰፋ ባለች ፑሊ መቀየር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ግን መምህሩ ለሁለት ወር ያህል ያደመጡት ከልኩ ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ የወረደ ዜማ ነው። ስህተቱን የለመዱትም በሁለተኛው ሳምንት እንደነበር ራሳቸው ነግረውኛል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በዚያ ምክንያት ነው። ጆሮ ይለምዳል፤ የሙከራ ሸክላ ግን አይለምድም። አምሃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የወጡት ትንንሾቹ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ ካሴት ገበያውን ሲይዝ መታተማቸው ቀርቷል። እጃችሁ ላይ ያለው ቅጂ በተበላሸ መርፌ ከታረሰ ሌላ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማጫወቻው ይፈተን፤ የአባት ሸክላ ከዚያ ይምጣ።

የሙከራ ሸክላ ምንድን ነው?

ዘፈን የሌለበት ሸክላ ነው። በላዩ ላይ የተቀረጸው ድግግሞሹና ጉልበቱ በትክክል የታወቀ ፉጨት፣ ከግራ ብቻ ወይም ከቀኝ ብቻ የሚወጣ ድምፅ፣ ፏፏቴ የሚመስል ሹሹታ፣ አንዳንዴም ምንም ያልተቀዳበት ባዶ ትልም (መርፌዋ የምትሄድበት ቀጭን ቦይ) ነው። ምን መውጣት እንዳለበት አስቀድማችሁ ስለምታውቁ፣ የሚወጣው ከዚያ ሲለይ ጥፋቱ የማጫወቻው መሆኑን ታውቃላችሁ። ኸይ-ፋይ ኒውስ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት፣ አናሎግ ፕሮዳክሽንስ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚና ኦርቶፎን የተባለው የዴንማርክ ካርትሪጅ (መርፌዋን የያዘው ትንሽ ዕቃ) ሠሪ ያወጧቸው አሉ። የትልሞቹ ቅደም ተከተል ከአንዱ አንዱ ስለሚለይ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዝርዝር እያያችሁ ሥሩ።

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የምታስመጡ ከሆነ በእጅ ሻንጣ፣ ጠፍጣፋ እንደሆነ ይያዝ። ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ ስትመጡ መኪና ውስጥ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳታስቀምጡት። የተጣመመ የሙከራ ሸክላ ለምንም አይሆንም።

ሌላ የምትፈልጉት ብዙ አይደለም፦ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ኪስ የምትገባ መስታወት፣ የግንበኛ ውሃ ልክ፣ የግራም መቶኛ የምታነብ ትንሽ ሚዛን፣ ድግግሞሽ የሚለካ አፕ የተጫነበት ስልክ። ኮምፒውተር ካለ አውዳሲቲ የተባለው ነፃ የድምፅ ፕሮግራም ብዙ ያግዛል። ሥራውን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብታደርጉት እመርጣለሁ፤ ባጃጁ ይቀንሳል፣ ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ትንንሽ ጉድለቶች የሚሰሙት ያኔ ነው።

አንደኛ፦ ቦታውና ውሃ ልኩ

ማጫወቻው የሚቀመጥበት ነገር መነቅነቅ የለበትም። ፒያሳ አካባቢ ባሉት የጣሊያን ጊዜ ቤቶች ፎቅ ላይ ጣውላ ወለል ካላችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ይሻላል። እንግዳ እስክስታ ሲወርድ ጣውላው ይወዛወዛል፣ መርፌዋም ትዘላለች። የድንጋይ ግድግዳ ግን ዝም ይላል። ውሃ ልኩን በሚዞረው ሰሃን ላይ አስቀምጡና በርዝመትም በወርድም አስተካክሉ። ይህ ሳይሆን የሚደረግ የትኛውም ልኬት እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ሁለተኛ፦ ጽዳት

በበጋ አቧራው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። መርፌዋን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጉ፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አይሆንም፣ መርፌዋን የተሸከመችው ቀጭን ዘንግ ትታጠፋለች። በአጉሊ መነጽር ስታዩ የፀጉር ኳስ የመሰለ ነገር ጫፏ ላይ ከቀረ ድገሙ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እኛ «ሸክላ» የምንለው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ባለ 33ቱና ባለ 45ቱ ፕላስቲክ ነው፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ ሲወድቅ የሚሰበረው የጥንቱ ግን ከሼላክ የተሠራ ነው። ሼላክን አልኮል ያሟሟዋል፤ በአልኮል እንዳትጠርጉት። ትልሙም ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ያስፈልገዋል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ ፕላስቲኩ ነው።

ሦስተኛ፦ የመርፌ ክብደት

ብዙ ሰው «መርፌው ቀለል ካለ ሸክላዬ አይጎዳም» ብሎ ያምናል። ተቃራኒው ነው። ክብደት ያነሳት መርፌ ትልሙን መከተል አቅቷት ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥርም ግድግዳውን ትመታዋለች። ፋብሪካው ያዘዘውን ክብደት አክብሩ። ለምሳሌ የኦርቶፎን ቱ ኤም ሬድ 1.8 ግራም፣ የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 ኢ 2.0 ግራም ነው።

መጀመሪያ አንቲ-ስኬቲንጉን፣ ማለትም ክንዱን ወደ ውጭ የሚጎትተውን ማስተካከያ (ስምንተኛው ደረጃ ላይ እመለስበታለሁ)፣ ዜሮ አድርጉ። የኋላውን ክብደት እያዞራችሁ ካርትሪጁን የተሸከመው ክንድ አየር ላይ አግድም ተንሳፎ እስኪቆም አመጣጥኑ፤ ቁጥሩ ያለበትን ቀለበት ዜሮ ላይ አድርጉና እስከታዘዘው ግራም ወደ ፊት አዙሩ። ከዚያ በሚዛን አረጋግጡ፤ የቀለበቱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይስታል።

ሚዛን ከሌላችሁ የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይበቃል፤ እኔ ለዓመታት የተጠቀምኩት ከወርቅ ሠሪ ወዳጄ እየተዋስኩ ነው። ሁለት ነገር ግን ጠብቁ። ካርትሪጅ ውስጥ ማግኔት አለ፤ የሚዛኑ ሰሃን ማግኔት የሚስበው ብረት ከሆነ ልኩ ሊዛባ ይችላል። ማግኔት ጠጋ አድርጋችሁ ፈትኑት፤ ከሳበ በላዩ ላይ የፕላስቲክ ክዳን ደፍታችሁ ሚዛኑን ዜሮ አድርጉና በክዳኑ ላይ መዝኑ። ሌላው፣ መርፌዋ የምታርፍበት ከፍታ ከሸክላ ወለል ጋር እኩል ይሁን። ከፍ ባለ ሚዛን ላይ ክንዱ ስለሚያዘነብል ልኩ ይዛባል።

አራተኛ፦ የካርትሪጁ አቀማመጥ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ለባለ 45 ዙር ሸክላ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ሸክላ ሲቀረጽ የቆረጠው መሣሪያ በቀጥታ መስመር ወደ መሐል ሄዷል። የእኛ ክንድ ግን ከአንድ ጥግ ላይ እንደ በር ይዞራል። ስለዚህ መርፌዋ ከትልሙ ጋር ፍጹም የምትስማማው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በተለመደው ስሌት ከመሐል 66.0 ሚሊ ሜትርና 120.9 ሚሊ ሜትር ላይ። ሁለቱ ነጥቦች ያሉበት ወረቀት በነፃ ይገኛል። ፎቶ ኮፒ ቤት ስታሳትሙ መጠኑ መቶ በመቶ እንዲሆን ንገሩ፤ ከታተመ በኋላም በማስመሪያ ለኩት። ወረቀት ላይ ለመግጠም ተብሎ ትንሽ እንኳ ከጠበበ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

መርፌዋን ነጥቧ ላይ አሳርፉ፤ የካርትሪጁ ጎን ከተሰመሩት መስመሮች ጋር ትይዩ መሆኑን ከፊት ለፊት እዩ። ካልሆነ ሁለቱን ትንንሽ ብሎኖች ላላ አድርጋችሁ ካርትሪጁን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ግፉ፣ አዙሩም። ሁለቱም ነጥቦች ላይ እስኪስማማ እየተመላለሳችሁ ሥሩ። አንድ ሰዓት ቢወስድ አትደነቁ። ካርትሪጁ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሄደ ክብደቱም ስለሚቀየር ተመልሳችሁ መዝኑ።

አሁን ትንሹን ሸክላ አስቡት። ትልሙ የሚጀምረው ከመሐል 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ነው፤ የሚያልቀው 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ። የውጭው ነጥብ፣ 120.9፣ ከዚህ ሸክላ ጭራሽ ውጭ ነው። ስለዚህ ክንዳችሁ ሁለቱን እኩል አላስማማ ካለና ስብስባችሁ በአብዛኛው ባለ 45 ከሆነ፣ ለ66ቱ ነጥብ አድሉ። በትልቅ ሸክላ ላይ ሰው የማያስተውለው ስህተት በትንሹ ላይ ጎልቶ ይወጣል።

አምስተኛ፦ ግራና ቀኝ፣ አቅጣጫ

እስካሁን የሙከራ ሸክላው አልተነካም። አሁን አስቀምጡት። የመጀመሪያው ትልም ብዙ ጊዜ «ግራ»፣ «ቀኝ» የሚል የሰው ድምፅ ነው። ከተገለበጠ ከካርትሪጁ ጀርባ ያሉትን አራት ሽቦዎች እዩ፦ ነጭ የግራ አዎንታዊ፣ ሰማያዊ የግራ አሉታዊ፣ ቀይ የቀኝ አዎንታዊ፣ አረንጓዴ የቀኝ አሉታዊ ነው። የሚቀጥለው ትልም ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መሐል መምጣት ሲገባው ወዲያና ወዲህ ከተበተነ፣ በአንዱ ጎን ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረዋል። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን አጥፉ። እዚህ «ሁምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ የመሬት ሽቦው አምፕሊፋየሩ ላይ አልታሰረም ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ፍጥነት

ማጫወቻው አሥር ደቂቃ ያህል ባዶውን ይዙር። የጎንደር ማለዳ ቀዝቃዛ ነው፤ በአሮጌ ሞተር ውስጥ ያለ ዘይት እስኪላላ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ የ3150 ሄርዙን ፉጨት አጫውቱና ስልኩን ስፒከሩ አጠገብ አስቀምጡ። አንዳንድ ሸክላ ላይ 3000 ሄርዝ ነው፤ ሽፋኑን እዩ።

አፑ 3182 ካነበበ ማጫወቻው አንድ በመቶ ይፈጥናል፤ 3118 ካነበበ አንድ በመቶ ይዘገያል። እኔ ከ3140 እስከ 3160 ውስጥ ከሆነ እተወዋለሁ። ቁጥሩ በየ1.8 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ የሞተሩ ጥፋት አይደለም፤ ሸክላው መሐሉን ስቶ ነው የተቀመጠው ወይም ቀዳዳው ከመሐል ወጣ ብሎ ተበስቷል፤ አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ነውና። ሥርዓት በሌለው መንገድ የሚዋዥቅ ከሆነ ቺንጋውን ጠርጥሩ። ለዓመታት ሳይሠራ የቆመ ማጫወቻ ቺንጋው ይላላል ወይም ይደርቃል።

የሙከራ ሸክላው የተቀረጸው ለ33 ከ1/3 ዙር ነው፤ ብዙ ማጫወቻ ደግሞ ለ45 የራሱ ማስተካከያ አለው። 33ቱ ልክ ስለሆነ ብቻ 45ቱ ልክ ነው አትበሉ። ያንኑ የ3150 ትልም በ45 አጫውቱት፤ 4252 ወይም 4253 ማንበብ አለበት። ይህችን ብልሃት መምህሩ ቤት ነው የሠራሁባት፤ ከዚያ በኋላ አልተለየችኝም።

ስልክ ለሌለው ባለ መስመር ክብ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ለ50 ሄርዝ የተሠራ መሆን አለበት፦ ለ33 ዙር 180 መስመር፣ ለ45 ዙር 133 መስመር። 216 እና 160 መስመር ያለው ለአሜሪካ መብራት ነው፤ እዚህ አገር ያሳስታችኋል። በአምፖል ወይም በረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ሥር ስትመለከቱት መስመሮቹ ከቆሙ ፍጥነቱ ልክ ነው። ብዙዎቹ ኤልኢዲ አምፖሎች ለዚህ አይሆኑም። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ላይ ከሆናችሁም ልኬቱን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ የጄኔሬተር ሄርዝ ከጭነቱ ጋር ይዋልላል።

ሰባተኛ፦ መርፌዋ ቀጥ ብላ መቆሟ

መስታወቷን ሰሃኑ ላይ አድርጋችሁ መርፌዋን በቀስታ አሳርፉ። ካርትሪጁና ምስሉ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ አንድ ኪሎ ሄርዝ በግራ ብቻ የተቀዳበትን ትልም ወደ አውዳሲቲ ቅዱና ቀኙ ላይ ምን ያህል እንዳመለጠ እዩ፤ የቀኙንም እንዲሁ። ደህና ካርትሪጅ ላይ ያመለጠው ከዋናው ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ሁለቱ ጎኖች ከሁለት ሦስት ዴሲቤል በላይ ካልተለያዩ እጃችሁን አንሱ። ከተለያዩ የካርትሪጁን መያዣ በጣም ትንሽ፣ ለዓይን እንኳ በማይታይ መጠን አዙራችሁ ድገሙ። ክንዱ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ አትታገሉት፤ በመስታወት ያገኛችሁት ይበቃል።

ስምንተኛ፦ አንቲ-ስኬቲንግ

ክንዱ ሁልጊዜ ወደ ሸክላው መሐል ይሳባል። ስለዚህ መርፌዋ በትልሙ የውስጥ ግድግዳ ላይ ትደገፍና ከውጭው ትርቃለች። የውስጡ ግድግዳ የግራውን ድምፅ ይዟል፣ የውጭው የቀኙን። አንቲ-ስኬቲንግ ያንን ስበት ወደ ውጭ በመጎተት ያመጣጥነዋል።

በዚህ ፈተና የምትሰሙት 300 ወይም 315 ሄርዝ የሆነ፣ ጉልበቱ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ድምፅ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ እንደ ተርብ «ዝዝዝ» የሚል ሻካራ ነገር ይገባበታል። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ሻካራው ከቀኝ ከጀመረ አንቲ-ስኬቲንጉን ጨምሩ፤ ከግራ ከጀመረ ቀንሱ። ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲጀምር አበቃ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመጨረሻውን፣ ከሁሉ የበረታውን ትልም ንጹሕ ለማድረግ ሲል አንቲ-ስኬቲንጉን እስከ ጥግ ያዞረዋል። ያ ትልም ከየትኛውም ዘፈን የከበደ ነው፤ ብዙ ጥሩ ካርትሪጆችም አያልፉትም። ለእሱ ብላችሁ ካጠበቃችሁት ለዘፈኑ ይበዛበታል፣ መርፌዋም በተቃራኒው ጎን ትበላለች። ሁለቱ ጎኖች እኩል መድከማቸውን ብቻ ፈልጉ። ትልም በሌለው ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ክንዱ የት እንደሚሄድ እያዩ ማስተካከልንም አልመክርም፤ እዚያ ያለው ፍትጊያ የትልም ውስጥ ፍትጊያ አይደለም። ይህንን ትልም በአንድ ምሽት ደጋግማችሁ አታጫውቱት፤ በፍጥነት የሚያልቀው የሙከራ ሸክላ ክፍል እሱ ነው።

ዘጠነኛ፦ የክንዱና የካርትሪጁ ጋብቻ

ክንዱ ክብደት ነው፣ የመርፌዋ ዘንግ እንደ ሞላ ነው፤ ሁለቱ ተጣምረው የራሳቸው ንዝረት አላቸው። ያ ንዝረት ከ8 እስከ 12 ሄርዝ መሐል እንዲወድቅ ይፈለጋል። ከ8 ካነሰ የሸክላ መጣመምና የሰው ኮቴ ያናውጠዋል፤ ከ12 ከበለጠ ወደ ቤዙ ይጠጋል። የሙከራው ትልም ከ25 ሄርዝ ወደ 5 ሄርዝ ይወርዳል፤ ካርትሪጁን በዓይናችሁ ተከታተሉት፣ የሚንቀጠቀጥበት ቁጥር የእናንተ ቁጥር ነው።

ካርትሪጅ ከመግዛታችሁ በፊት በስሌት መገመትም ይቻላል። የክንዱን ውጤታማ ክብደት፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ደምሩ፤ በካርትሪጁ የሞላ ልስላሴ (ኮምፕላያንስ) ቁጥር አባዙት፤ ካሬ ሥሩን አውጡና 159ን ለእሱ አካፍሉ። ክንድ 11፣ ካርትሪጅ 6፣ ብሎን 1፣ በድምሩ 18 ግራም ቢሆንና ልስላሴው 20 ቢሆን፣ 360 ይመጣል፤ ካሬ ሥሩ 19 ገደማ ነው፤ ውጤቱ 8.4 ሄርዝ። ደህና ነው።

የክንዱ ከፍታ ላይ ብዙ አልቆይም። ሲያጫውት ከጎን ስታዩት ከሸክላው ጋር ትይዩ ይሁን። ይህን በፀጉር ውፍረት እየለኩ የሚያስተካክሉ አሉ፤ እኔ ለውጡን የሰማሁት ስህተቱ ትልቅ ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘፈን

የማያሳዝን፣ ሌላ ቅጂ ያላችሁን ባለ 45 ሸክላ ውሰዱ። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ መሙያውን መሐል ላይ በትክክል አስቀምጡ። መጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን አንድ ደቂቃ አድምጡ፤ ትልሙ ከመሐሉ ጋር የሚጠጋበት፣ ስህተት ሁሉ የሚወጣበት ቦታ እሱ ነው። አማርኛ ለዚህ ፈተና የተመቸ ነው። «ሰ» እና «ሸ» ወደ ምራቅ ድምፅ ሳይለወጡ መለየት አለባቸው፤ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» ሲፈነዱ ከኋላቸው ሻካራ ጭራ መጎተት የለባቸውም። ሳክስፎኑ ከፍ ሲል ካልተቀደደ፣ ዘፋኙም ከመሐል ካልተንቀሳቀሰ ተሳክቷል። መጨረሻው ላይ ብቻ የሚሻክር ከሆነ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ። በሌላ ሸክላ የማይደገም ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የዚያ ሸክላ ነው፤ ከእናንተ በፊት በመጥፎ መርፌ ታርሷል።

ያገኛችሁትን ሁሉ፣ ግራሙን፣ የአንቲ-ስኬቲንጉን ቁጥር፣ የፍጥነቱን ንባብ፣ ቀኑንም ጨምሮ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ማጫወቻው ሥር ለጥፉት። ክብደቱን በየጥቂት ወሩ፣ ፍጥነቱን ደግሞ ማጫወቻው ከቦታው በተነሳ ቁጥር እንደገና ፈትኑ። መምህሩ ቤት ያለው ወረቀት ላይ የመጨረሻው መስመር «በ45፣ 4251» ይላል፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ በቀይ ብዕር።